የጉርድ ሾላው ጎተራ ልኬት

ጉርድ ሾላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ መምህር እሸቴ፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎ ሰው ኢሳ ይባላል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ የጫነው ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አንብበው ሲጨርሱ እዚያው ያቃጥሉት። እኔ ዘንድ ቅጂ የለም።

የተንዛዛ ነገር እንደማይወዱ ስለማውቅ ዋናውን አስቀድማለሁ። ልጄ ዘውዲ በሕይወት አለች። መጋቢት 14 ቀን 1970 ዓ.ም. መጋዘኔ ውስጥ ቆመው በሜትር የለኩት የስንዴ ጎተራ ውስጥ ነበረች። ከስንዴው ስር፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ የጣውላ ሳጥን ውስጥ ተጋድማ የእርስዎን ድምፅ ትሰማ ነበር።

ይህን እንደሚያውቁ እገምታለሁ። ከእኔ አፍ ግን አልሰሙትም፤ ከእኔ አፍ የሰሙት ሌላ ነገር ነው። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

እንደሚያውቁት ከ1952 ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ እይዛለሁ። የገበያ ዋጋ፣ የዝናብ ሁኔታ፣ የመጣና የሄደ ሰው እጽፋለሁ። የዚያን ቀን የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ጎተራው ተለካ። 158 ወጣ። ደረቅ ቀን።» በዚያ ዘመን ለራስ የሚጻፍ ነገር እንኳ ለፈታሽ እንደሚጻፍ ሆኖ ነበር። ያልጻፍኩትን አሁን ለእርስዎ ልጻፍ።

በዚያ ዓመት ጆንያ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ መጋዘኑ መሃል ቆርቆሮ ጠቅልዬ፣ በብረት ዙሪያውን አስሬ ክብ ጎተራ ሠራሁና ስንዴውን ጆንያ ውስጥ ሳልከት ደፋሁበት። ጠርዙ ድረስ ሞልቶ ከላይ ሾጥጦ ቆመ። ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ስለነበር የሚገርም ነገር አልነበረበትም። እኔ ጎተራውን ከመሥራቴ በፊት ግን መሃሉ ላይ ሳጥን አስቀምጬ ነበር።

ከዘውዲ ክፍል ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ተገድለው አስከሬናቸው መንገድ ዳር መገኘቱን ያስታውሳሉ፤ ሁለቱም ተማሪዎችዎ ነበሩ። የእሷም ስም ከሚፈለጉት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አንዲት የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛ ስኳር ስትመዝን በጆሮዬ ነገረችኝ። ቤታችን ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ፈታሾቹ ሁልጊዜ መጀመሪያ ባትሪ የሚያበሩት ከወለል ስር ነው። የመጋዘኔ ወለል እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ተደርጎ በሳንቃ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ስር መደበቁን ትቼ ከወለሉ በላይ ደበቅኳት። እኔና ባለቤቴ ኣብርሀት ከአሮጌ የጭነት መኪና የጎን እንጨት ሳጥን ሠራን፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ነበር። ልጅቷ ከወለሉ ስር ተስባ፣ አንዲት ሳንቃ ገፍታ ወደ ሳጥኑ ትገባለች። አየርም የምታገኘው በዚያው ነው። ሰው ሲመጣ ትገባለች፣ ሲሄድ ትወጣለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት ቆየን።

የእርስዎን ጠባይ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ዘውዲ አሥረኛ ክፍል ሳለች ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጥተዋት ለምን ሁለት ነጥብ እንደተቀነሰባት ልጠይቅ ትምህርት ቤት ድረስ መጣሁ። ወረቀቷን አወጡና «ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ሜትር ኩብ ብላ አልጻፈችም» አሉኝ። እኔ «ታዲያ ይህ ምን አለበት?» ስል «አቶ ገብረዋሕድ፣ እርስዎ ደንበኛ ሲመጣ ‹አምሳ ስጡኝ› ቢልዎ አምሳ ኩንታል ነው የሚሰጡት ወይስ አምሳ ኪሎ?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ቤት ስመለስ ለኣብርሀት «ይህ ሰው ቢነግድ ኖሮ አደገኛ ተፎካካሪ ይሆን ነበር» አልኳት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ሰብሳቢ ጓድ ገረመው አራት የታጠቁ ሰዎችና አካፋ የያዙ ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣ። የነጋዴ እህል ሁሉ ከመዝገብ ጋር እንዲመሳከር ታዟል አለ። ዘውዲ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ገብታለች።

«አቶ ገብረዋሕድ፣ ስንት ነው ያለህ?»

«መቶ ሃምሳ ስምንት ኩንታል። መዝገቡ እነሆ።»

«መዝገብማ ማን ያጣል? ባለፈው ሳምንት አንዱ መዝገቡ ስልሳ ይላል፣ ሲዘረገፍ መቶ አሥር። አሁን ያ ሰውዬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዜሮ ነው።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ገረመው ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ «ዘርግፉት» አለ።

አካፋዎቹ ወደ ቆርቆሮው ሲጠጉ ማሰብ ነበረብኝ። ስለዚህ ድምፄን እንደ ወትሮው አድርጌ እንዲህ አልኩት፦ «ጓድ ገረመው፣ ይህን ዘርግፎ መልሶ መመዘን ሁለት ቀን ይፈጃል። ጆንያም የለም። መሬት ላይ የፈሰሰው ደግሞ ነገ የሰፊው ሕዝብ ስንዴ ነው፤ ባከነ ሲባል የሚጠየቀው ማነው? ለምን በሜትር አታስለካውም? እዚሁ ቀበሌያችን የሂሳብ መምህር አለ።»

አዎ፣ ያን ቀን ያስጠራሁዎት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ገረመው የጠራዎት መስሎዎት ከሆነ አይደለም።

ይህ የነጋዴ ስህተት ነው። እኔ የማስበው በኩንታል ነው። የደፋሁት ስንዴ 158 ኩንታል ነው፤ ሳጥን ኖረበት አልኖረበት ያው 158 ነው። አካፋው ከቆመ ልጄ ተረፈች ብዬ ነበር። ሳጥኑ ቦታ እንደሚይዝና ሜትር ደግሞ ቦታውን እንደሚቆጥር አልመጣልኝም። ልጄን ከአካፋ አውጥቼ ለሜትር የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ከክፍል ነው መሰለኝ የመጡት፣ እጅዎ ላይ ጠመኔ ነበር። ሰላም ተባባልን። ገረመው ያቺን ጊዜ አላሳለፋትም።

«የሱ ልጅ ተማሪህ ነበረች አይደል? የት ገባች?»

እኔ ቀድሜ «አገር ቤት አያቷ ጋ ናት» አልኩ።

እርስዎ ሜትሩን እየዘረጉ «ጎበዝ ነበረች» አሉ።

«ነበረች? ሞታለች እንዴ?»

«ከክፍሌ ወጥታለች። ከክፍሌ የወጣ ሁሉ ነበር ነው የሚባለው።»

ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ፤ አራት ሜትር ሆነ። ከወለሉ እስከ ጠርዙ ለኩ፤ አንድ ሜትር ተኩል ሆነ። ከዚያ ከጠርዙ በላይ ያለውን ለመለካት ረጅም ጣውላ ከክምሩ ጫፍ ላይ አጋደሙ፤ ጫፉን ያዝልኝ አሉኝና ያዝኩ። ከጣውላው እስከ ጠርዙ ልክ አንድ ሜትር ሆነ። በዚህ መሃል ገረመው ሦስት ሜትር የምትሆን ፌሮ አንስቶ መጣ።

«እኔ መሃሉን ልውጋው። ድንጋይ ካለ ይነግረናል።»

ያ ፌሮ አንድ ሜትር ተኩል ከገባ የሳጥኑን ክዳን ይመታል፤ ሳንቃዎቹ መሃል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረ። እርስዎ ከጽሑፍዎ ቀና ሳይሉ መለሱለት።

«ከተወጋ ጫፉ ይናዳል። ከተናደ ቅርጹ ይጠፋል፣ እኔም እንደገና መለካት አለብኝ። ሁለት ልኬት ባለበት ወረቀት ላይ ደግሞ አልፈርምም።»

ገረመው ፌሮውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከእጁ አላራቀውም።

ቀጥለው የሃያ ሊትር ቆርቆሮ ስንዴ ሞልተን እንድንመዝን አዘዙ። ሁሉም እያየ ሚዛን ላይ ወጣ፤ አሥራ አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። «ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ሰባት ኩንታል ከሰማንያ ኪሎ ይመዝናል» አሉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ በርሜል ላይ ወረቀት ዘርግተው እንደ ክፍል ውስጥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ማስላት ጀመሩ።

«ቅርጹ ሁለት ነው። ታች ሲሊንደር፣ ላይ ሾጣጣ። እያንዳንዱን ለብቻ አስልተን እንደምራለን። ሲሊንደሩ፦ የወርዱ ግማሽ ሁለት፣ ሁለት በሁለት አራት፣ በሦስት ነጥብ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ሃምሳ ስድስት። በቁመቱ አንድ ተኩል ሲባዛ፣ አሥራ ስምንት ነጥብ ሰማንያ አራት ሜትር ኩብ።»

እኔም ማባዛት አላጣም። በልቤ በሰባት ነጥብ ስምንት አባዛሁት፦ መቶ አርባ ሰባት ኩንታል። ከመዝገቡ የቀረው አሥራ አንድ ኩንታል ብቻ ነው፤ ከላይ የቆመው ሾጣጣ ግን ሙሉ ነው። የሾጣጣ ሕግ አላውቅም፣ ዓይኔ ግን ክምር ገምቶ ሠላሳ ዓመት በልቷል። ዓይኔ ከሠላሳ ኩንታል በላይ ይላል። ድምሩ መቶ ሰማንያ ሊመጣ ነው። መቶ ሰማንያ ከመጣ ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ እህል የደበቅሁ አሻጥረኛ ነኝ፣ ወይ ጎተራው ባዶ ሆድ አለው። በሁለቱም አካፋው ተመልሶ ይነሳል።

እርስዎ እዚያ ላይ ቆም አሉ።

«መዝገቡን ላየው።»

ገረመው «መዝገቡ ምን ያደርግልሃል? መጀመሪያ ቁጥርህን ጨርስ» አለ።

«መዝገቡ በኪሎ ነው የተያዘው ወይስ በኩንታል የተጠጋጋ? እሱን ሳላውቅ የት ላይ እንደምቆርጥ አላውቅም።»

አዩት። ከመዝገቡ ወደ ጎተራው፣ ከጎተራው ወደ እኔ ተመለከቱ። ፊቴን ለገበያ አሠልጥኜዋለሁ፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ዋጋ ስከራከር ያወቀብኝ አልነበረም። ጣውላውን ግን ልኬቱ ካለቀ በኋላም አጥብቄ እንደያዝኩት ነበር። እርስዎ ተጠግተው ጣውላውን ከእጄ ወሰዱና መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

«ሾጣጣው። ወለሉ አሥራ ሁለት ነጥብ ሃምሳ ስድስት፣ ከፍታው አንድ። ለሦስት፣ አራት ነጥብ አሥራ ዘጠኝ።» ጻፉ። «ሾጣጣ የሲሊንደር ሲሶ ስለሆነ፣ ለሦስት፣ አንድ ነጥብ አርባ። ከሲሊንደሩ ጋር ሲደመር ሃያ ነጥብ ሃያ አራት። በሰባት ነጥብ ስምንት ሲባዛ መቶ ሃምሳ ሰባት ከሰማንያ ሰባት። መቶ ሃምሳ ስምንት ኩንታል ማለት ነው።»

ገረመው ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለ። መደመሩን ራሱ ደመረና ልክ ሆነለት።

«ታዲያ ይህ ነጋዴ እውነተኛ ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ የምልህ ቁጥሩ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው።»

ፈረሙ። ተሸካሚዎቹ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። እርስዎ እኔን ሳይሰናበቱኝ እጅዎን እያራገፉ ሄዱ።

እኔ እንደተረፍን እንጂ እንዴት እንደተረፍን አላወቅሁም ነበር። ዓይኔ የተሳሳተ፣ ሳጥኑም ካሰብኩት በታች ቦታ የያዘ መሰለኝ። ዘውዲ ስትወጣ ጸጉሯ ላይ የስንዴ አቧራ ነበረ፤ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ እንዲህ አለችኝ።

«አቦይ፣ መምህር ለሦስት ሁለት ጊዜ አካፈሉ።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«መምህር እሸቴ? ሾጣጣን ለሦስት ማካፈል የረሳ ልጅ ሲሶ የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ነው የሚያስጽፉት። እኔ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ከሳቸው ቀድሜ ጨርሻለሁ። መቶ ሰማንያ ነው። ሃያ ሁለቱ ኩንታል እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለለቅሶ ጊዜ ስላልነበረን «ተነሺ፣ ታጠቢ» አልኳት። በአምስተኛው ቀን ከአንዲት ጨው ነጋዴ ጋር ልጇ መስላ ከላምበረት በአውቶቡስ ወጣች፤ የምትደርሰው መቀሌ አካባቢ ገጠር ያለው አጎቷ ቤት ነበር። ሳጥኑን አፍርሼ ማገዶ አደረግሁት። ስንዴውንም በወሩ መጨረሻ ለመንግሥት አስረከብኩ፤ በሚዛን 158 ወጣ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ነገሩ ተዘጋ አልኩ።

አልተዘጋም። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ የልኬት ወረቀቶቹን ሁሉ እንደገና አሰላ። ግንቦት 6፣ እሁድ፣ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ሳለ ተነስቶ የእርስዎን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ። ፈገግ ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ነበር።

«በዚህ ወረቀት ላይ ባለው ልኬት መሠረት ጎተራው መቶ ሰማንያ ኩንታል ይይዛል። የተረከብነው መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። አቶ ገብረዋሕድ ያስረዱን፤ ሃያ ሁለቱን ኩንታል ሰርቀው አውጥተዋል ወይስ ጎተራው ውስጥ ሌላ ነገር ነበር?»

ሌላ ነገር ሲል ገረመው ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ በአእምሮው ውስጥ ሲዞር አየሁት፤ አገር ቤት አያቷ ጋ ሄደች የተባለችው ልጅ፣ ያልተወጋው ክምር። ዘውዲ ገና ወደ ሱዳን አልተሻገረችም ነበር። አጎቷ ቤት ነበረች፤ ከዚያ አዳራሽ ሳልወጣ ቢይዙኝ ውስጥ እግሬን ገልብጠው እስክናገር ይገርፉኝ ነበር፣ እኔም እንደማልናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። ሁለት በር ከፍተውልኛል፣ በሁለቱም ሞት አለ። ሦስተኛ በር ፈለግሁ። አገኘሁት፣ እርስዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሰውን በአደባባይ ማሳፈር አልወድም። ግን ከተጠየቅሁ እውነቱን ልናገር። መምህሩ ልኬት አይችሉም። ጣውላውን ሲያጋድሙ ያዘነበለ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝኩት፣ አይቼ ዝም አልኩ። ሾጣጣውንም ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉ አላወቁትም። አንዱ ስህተት ከፍታውን አበዛ፣ ሌላው መልሶ ቀነሰው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመጣው በአጋጣሚ ነው። የመንግሥት ሚዛን ግን አይሳሳትም፤ ደረሰኙ ይኸውና።»

ወጣቱ ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎም ተነሱ። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ፈልጌ ነበር፣ ቢኖር ይቀልለኝ ነበር።

«ልክ ናቸው» አሉ። «ጣውላው ያዘነበለ ነበር። ሾጣጣውንም ለሦስት ሁለት ጊዜ አካፍያለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ገረመው ራሱ ያን ወረቀት አምኖ ስለነበር ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑ ደስ አለው። «አስተማሪ ተብለህ ደመወዝ ትበላለህ፣ ሲሶ የማታውቅ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው «ደመወዙንም ለሦስት ሁለቴ ያካፍሉለት» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ሳቅኩ። አለመሳቅ ይታወቅብኝ ነበር ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ እውነትም ነው። ግን ትከሻዬ እስኪንቀሳቀስ ነበር የሳቅኩት። ይህን የምጽፈው እርስዎ ስላዩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። የጉርድ ሾላ ልጆች ከኋላዎ «ሲሶ! ሲሶ!» እያሉ መንገድ ለመንገድ ሲከተሉዎ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አይቻለሁ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን በጥፊ መታሁት፤ ለምን እንደመታሁት ማስረዳት ስላልቻልኩ እናቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። በሰኔ ወር ከሁለተኛ ደረጃ ወጥተው ከሸኖ ወደ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት፣ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ቁጥር እንዲያስቆጥሩ ተመደቡ። ዕቃዎን ሲጭኑ መጥቼ አላገዝኩም። በማስታወሻዬ ላይ «መምህሩ ተዛወሩ፣ ዝናብ ጀመረ» ይላል።

ዘውዲ በመስከረም 1971 ተሻገረች። ከዚያ ወዲያ እርስዎን ለማግኘት የሚያሰጋኝ ነገር እየቀነሰ ሄደ። እኔ አልመጣሁም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ጥንቃቄ ነበሩ። የቀሩት ዓመታት ኀፍረት ናቸው፤ ጥንቃቄ እያልኩ ስጠራቸው ኖርኩ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጥፋቴን ልናገር። ልጄ ካርቱም ነው ያለችው። ከስደተኛ ልጆች ጋር ትውላለች፣ ሂሳብ ታስተምራቸዋለች። በዓመት አንድ ጊዜ በሰው እጅ ወረቀት ይደርሰኛል። በመጀመሪያው ላይ «መምህር እሸቴን አመሰገንክልኝ?» ብላ ጠየቀች። አዎ ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው «ምን አሉ?» አለች። «ደስ ብሏቸዋል፣ በርቺ ብለውሻል» አልኩ። በሦስተኛው የእርስዎን ጤና ጠየቀች፤ ደህና ናቸው፣ እዚያው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ተማሪ ሁሉ ይወዳቸዋል ብዬ ጻፍኩ። የእርስዎን ቃል ፈልስፌ ሦስት ጊዜ ልኬላታለሁ። አደባባይ ላይ ያዋረድኩትን ሰው ወረቀት ላይ አክብሬ አኖርኩት።

ባለፈው ወር አራተኛው መጣ። አጭር ነው። «አቦይ፣ መምህር ለምን በራሳቸው እጅ አይጽፉልኝም? ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ» ይላል። ኣብርሀት አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ምሳዬን አቀረበችልኝ። እኔ በልቼ ስጨርስ «ገብረዋሕድ፣ ለልጅህ ምን ልትላት ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔ ግን አውቃለሁ፤ ለእሷ ከመጻፍህ በፊት ለእሳቸው ጻፍ» አለች። ይህን ወረቀት የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ይህንንም ደብቄ ጀግና ልምሰል ብል ለእርስዎ አይሆንም።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አልጠይቅም። ያን እሁድ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ቃል እናገር ነበር፤ ልጄን ለማትረፍ ሌላ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም። ግን ያንኑ ዕለት በጓሮ በር መጥቼ አንድ ቃል ልነግርዎ እችል ነበር። ያን አላደረግሁም። ከነገሩ ሁሉ ይቅር የማይባለው ይኸው ይመስለኛል።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ፣ ከላምበረት በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳና ሸኖ እወርዳለሁ። መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ አይምጡ፤ ትምህርት ቤትዎ ድረስ አልከተልዎም፣ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ። ለዘውዲም አልመጡም ብዬ እጽፍላታለሁ፤ ለምን እንዳልመጡም እጽፍላታለሁ።

ከመጡ ግን ብዕር ይዤ እመጣለሁ። ለእኔ አንድ ቃል አያስፈልግም። ለእሷ የፈለጉትን ይጻፉ፣ ወይም ምንም እንደማይጽፉ በእጅዎ ይጻፉ። እኔ አላነብም፣ አጥፌ እልካለሁ።

ቅዳሜ ሸኖ ላይ የሚወርደው፣
ገብረዋሕድ